ንፋስ ስልክ ላይ ንፋስ ያጣ ድንኳን

የክፍለ ከተማችንን ስም በቀን አሥር ጊዜ እየጠራነው ትርጉሙን ግን አናስተውለውም። ንፋስ ስልክ! ስሙ ድሮ በአካባቢው ከነበረው፣ ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የሬዲዮ ጣቢያ የመጣ ነው። ሽቦ ሳይዘረጋ ወሬ በንፋስ ሲመጣ ያየ ሕዝብ ሌላ ምን ብሎ ይጥራው? ታዲያ ዛሬ በዚሁ በንፋስ በሚጠራ ክፍለ ከተማ፣ በአንዳንድ የኪራይና የኮንዶሚኒየም ቤቶች ውስጥ ሰዎች እንጉዳይ ለማምረት ደፋ ቀና ይላሉ። ብዙ ጊዜ ሥራቸው የሚበላሸው በዘር እጥረት ወይም በገበያ እጦት ሳይሆን በንፋስ እጦት ነው ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

የምለው ነገር አጭር ነው። ሰው በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ እንዲያመርት የሚያበረታታ ሁሉ፣ መንግሥትም ይሁን ድርጅት፣ አሠልጣኝም ይሁን ጋዜጠኛ፣ ከዘሩ በፊት ስለ አየሩ ማውራት አለበት። አየር የማይገባው ክፍል እርሻ አይሆንም። እርሻ ባለመሆኑ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር፤ አጠገቡ የሚተኙትንም ሰዎች ይጎዳል።

ጓሮ የሌለው ሰው ምን ያልማ?

በኅዳር 2015 ዓ.ም. "የሌማት ትሩፋት" የተባለው መርሐ ግብር አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ ስለ ወተት፣ ስለ እንቁላል፣ ስለ ማርና ስለ ዶሮ ያልሰማ የለም። በከተማችንም የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ነዋሪው ባለችው ቦታ እንዲያለማ ሲቀሰቅስ ኖሯል። መልካም ነው። ግቢ ያለው ጎመንና ቆስጣ ተከለ፤ በረንዳ ያለው በባልዲና በተቆረጠ ጀሪካን ሰላጣ አበቀለ። ግቢም በረንዳም የሌለውስ? የጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ምን ያልማ?

የብዙዎቹ መልስ "እንጉዳይ" የሚል ነው። እውነትም ለጠባብ ቤት የተፈጠረ ይመስላል። አፈር አይፈልግም። የፀሐይ ብርሃን አይለምንም፤ መጽሐፍ ለማንበብ የሚበቃ ብርሃን ካገኘ ይበቃዋል። የሚበላው ሌላው የሚጥለውን ነው፤ ጭድ፣ ሰጋቱራ፣ የቡና ገለፈት፣ የጥጥ ፍሬ ልጣጭ። በላስቲክ ከረጢት ታጭቆ እንደ ቋንጣ ከላይ እስከ ታች ይሰቀላል። ኦይስተር የሚባለው ዓይነት ዘሩ ከተደባለቀ በኋላ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜ የመጀመሪያውን ምርት ይሰጣል። ከአንድ ከረጢትም ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቀማል።

በዚያ ላይ የአገራችን የጾም ቀን ብዛት አለ። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። በጾም ወራት ወጡን ሥጋ ሥጋ የሚያሸት ነገር ያገኘ ሰው ገበያ አያጣም። እርግጥ የአገራችን ሰው እንጉዳይን የኖረ ጥርጣሬ አለው። ስሙንም "የጅብ ጥላ" ብሎ ሲያበቃ ማን ደፍሮ ይበላዋል? መርዛማ ዝርያዎች ስላሉ ጥርጣሬው መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ከሜዳ የተለቀመን እንጉዳይ አለመድፈር ብልህነት ነው። ከታወቀ ዘር በቤት የሚመረተው ግን ሌላ ነው። የዛሬ ልጆች በፒዛ ላይ ስለለመዱት ስሙም እየታደሰ መጥቷል። የከተማው አትክልት ተራም ከፒያሳ ተነሥቶ፣ በ2012 ዓ.ም. ጃንሜዳ ሰንብቶ፣ በ2013 ዓ.ም. እዚሁ እኛ ክፍለ ከተማ ኃይሌ ጋርመንት ከመጣ ወዲህ፣ አምርቶ የሚሸጥ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም አሠልጣኝ ይናገራል። እኔ የምጠይቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

እንጉዳይም ይተነፍሳል

በአንደኛ ደረጃ ሳይንስ ላይ የተማርነው ነገር እዚህ ላይ ያሳስተናል። ዕፅዋት የተቃጠለውን አየር ወስደው ንጹሑን ይሰጡናል ተብለናል። እንጉዳይ ግን ዕፅ አይደለም። አተነፋፈሱ እንደ እኔና እንደ እናንተ ነው፤ ኦክስጅን ይስባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል።

ሕይወቱ ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ምዕራፍ በከረጢቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ነጭ ሆኖ ይሰራጫል። በዚህ ጊዜ መታፈን ብዙም አይጎዳውም። በሁለተኛው ምዕራፍ ግን፣ ማለትም ባርኔጣ መሳዩ አካሉ ከከረጢቱ ሲወጣ፣ ንጹሕ አየር ይጠይቃል። ደጅ ካለው አየር ከአንድ ሚሊዮን እጅ 420 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኦይስተር እንጉዳይ በሚያፈራበት ጊዜ ይህ ቁጥር ከ1,000 በታች እንዲሆንለት ይፈልጋል። ከዚያ ሲያልፍ እግሩ እየቀጠነ ይረዝማል፣ ባርኔጣው ትንሽ ሆኖ ይቀራል። በሕዝብ መሀል ቆሞ ለማየት አንገቱን እንደሚያሰግግ ልጅ ማለት ነው፤ የሚያሰግገው ግን አየር ፍለጋ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ የምናውቀውን ነገር አስቡ። ሁለት ሦስት ሰው በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ባደረበት ክፍል ውስጥ ይኸው ቁጥር ጧት ላይ ከ2,000 ቢያልፍ የሚገርም አይደለም። እንግዲህ እንጉዳዩን መኝታ ክፍል ጥግ ላይ የሰቀለ ሰው ምን እያደረገ ነው? ልጆቹንና እንጉዳዩን በአንድ አየር ላይ እያሻማቸው ነው!

"ታዲያ መስኮት መክፈት ነዋ!" ትሉ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከእንጉዳይ አካል ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ነው። በሚያፈራበት ጊዜ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ አካባቢ የተቀመጠች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባት፣ በጋዋ ደረቅ የሆነባት ከተማ ናት። መስኮቱ ወለል ብሎ ከተከፈተ እንጉዳዩ እንደ በጋ ተረከዝ ይሰነጠቃል። ከተዘጋ ይታፈናል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ሞልቶ አየሩ ካልተንቀሳቀሰ አረንጓዴው ሻጋታ ይቀድመዋል። አየርና እርጥበት እንደ ሁለት ጣውንቶች ናቸው፤ አንዷን ሲያስደስቱ ሌላዋ ታኮርፋለች።

ለዚህ ነው በቤት ውስጥ ሌላ ትንሽ ቤት የሚያስፈልገው። ድንኳን በሉት። ለሠርግና ለለቅሶ ደጅ የሚተከለውን ሳይሆን፣ እርጥበቱን በውስጡ ይዞ አየሩን በልክ የሚያስገባና የሚያስወጣ፣ ክፍል ውስጥ የሚቆም የላስቲክ ድንኳን። በውጭ አገር ተሠርቶ ያለቀለት፣ ቬንትሌተሩና ማጣሪያው የተገጠመለት ድንኳን በሱቅ ይሸጣል። እኛ አገር ግን በእጅ መሥራት ይቻላል።

አክስቴ እንዴት ተረፈች?

ይህን ሁሉ የማወራው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የምኖረው ጀሞ፣ ከአክስቴና ከሁለት ልጆቿ ጋር ነው። አክስቴ ከሰፈር ሴቶች ጋር ተደራጅታ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰደች። ምስክር ወረቀት ተሰጣት፤ ዘር የተቀላቀለባቸው ከረጢቶችም ተሰጧት። ደብተሯን አገላብጬ አይቼዋለሁ። ስለ ጭድ አቆራረጥ፣ ስለ ዘር መጠን፣ ስለ ገበያ ትስስር ተጽፏል። ስለ አየር ያለው አንድ መስመር ነው፤ "ክፍሉ አየር የሚያገኝ ይሁን" ይላል። አለቀ። በምን በኩል ይግባ? በምን በኩል ይውጣ? ምን ያህል? መስኮቱ የጋራ ኮሪደር ላይ የሚከፈት ከሆነስ? ዝም ነው።

የመጀመሪያው ምርት ወጣ። እግሩ እንደ እርሳስ ቀጭን፣ ባርኔጣው የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ሆነ። ሊገዛት ቃል ገብቶ የነበረ ሰው አይቶ "ይሄ ምንድነው?" ብሎ ሄደ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ትንሹ ልጇ ሌሊት ሌሊት ማሳል ጀመረ። "ጉንፋን ነው" ተባለ። ክፍሉ እርጥብ እርጥብ ይሸታል፤ ግድግዳው ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ማውጣት ጀመረ። አከራይዋም "ቤቴን አበሰበሳችሁት" ብለው መጡ። አልፈርድባቸውም።

አንድ ቀን ባዮሎጂ የሚያስተምር ጎረቤታችን ገብቶ አየና "እንጉዳይሽ እየታነቀ ነው እኮ!" አላት። አክስቴም ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺ ጋዜጠኛዋ፣ እስቲ ስለዚህ ነገር ጠያይቂና አምጪ" አለችኝ። ጠየቅሁ፣ አነበብኩ፣ ከዚያም ከጎረቤታችን ጋር ሆነን ድንኳኑን ሠራነው። ከእንጨቱ እስከ ሽቦው ያወጣነው ገንዘብ ከአንድ ወር የቤት ኪራያችን በታች ነው። ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ አሠራሩን ልንገራችሁ።

አሠራሩ

አጥንቱ ሞራሌ ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 2 ሜትር፤ ውስጡ 6 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል ማለት ነው። ዙሪያውንና ጣሪያውን ወፍራም ነጭ ላስቲክ አለበስነው። በሩ ተደራርቦ የሚወርድ መጋረጃ ነው። ከቤቱ ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል አራቅነው፤ ግድግዳው እንዲደርቅ። ወለሉ ላይ ውሃ እንዳይፈስ ላስቲኩን ወደ ላይ አጥፈን እንደ ሳህን አደረግነው።

ዋናው ነገር ቀዳዳዎቹ ናቸው። ሞቃትና እርጥብ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ መግቢያው ታች፣ መውጫው በተቃራኒው በኩል ላይ መሆን አለበት። ሁለቱም በአንድ ወገን ከሆኑ የገባው አየር ድንኳኑን ሳይዞር በአቋራጭ ይወጣል። ታች ሁለት ቀዳዳ አበጅተን ያረጀ ነጠላ እጥፍ አድርገን ወጠርንባቸው። አየር ያስገባል፣ ትንንሾቹን ዝንቦች ይከለክላል፤ በየሳምንቱ ይታጠባል። ላይ ያለው ቀዳዳ ላይ ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቬንትሌተር ገጠምን። ከእሱ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ቀጥለን በመስኮት ወደ ውጭ አወጣነው። ግድግዳ አልበሳንም። የመስኮቱን አንድ መስታወት አውልቀን በቦታው ኮምፔንሳቶ አስገባን፤ ቱቦው በእሱ ውስጥ አለፈ። ቤቱን የምንለቅ ዕለት መስታወቱ ይመለሳል።

ቬንትሌተሩ ይበቃል ወይ? ሒሳቡ ቀላል ነው። በድንኳኑ ውስጥ ያለው አየር በሰዓት ስድስት ጊዜ እንዲለወጥ ብንፈልግ፣ 6 በ6 ሲባዛ 36 ሜትር ኩብ ነው። እንዲህ ያለው ቬንትሌተር ምንም ካልከለከለው በሰዓት 80 ሜትር ኩብና ከዚያ በላይ ይገፋል። ነጠላውና ቱቦው ግማሹን ጉልበት ቢበሉት እንኳ ይተርፈናል። የመብራት ሒሳቡስ? ወደ 3 ዋት ነው የሚበላው። ሌትና ቀን ቢሠራ በወር 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት ጋገራ ከሚወስደው ያንሳል። በደረቁ ወራት ግማሽ ሰዓት አሠርቶ ግማሽ ሰዓት ማጥፋትና በቀን ሦስት አራት ጊዜ ውሃ በጉም መልክ መርጨት ነው። ትራንስፎርመሩና ማከፋፈያው ከድንኳኑ ውጭ፣ ውሃ በማይደርስበት ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። በዚህ ቀልድ የለም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቬንትሌተሩ አየር ወደ ውስጥ አይነፋም፤ ከውስጥ ስቦ ያወጣል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ወደ ውስጥ ቢነፋ በየስፌቱ የሚያመልጠው አየር ወደ መኖሪያ ክፍላችን ይመጣል። ስቦ ሲያወጣ ግን በየስፌቱ የሚገባው ንጹሕ አየር ነው፤ የተቃጠለው በቱቦው ብቻ ይወጣል። በትክክል መሥራቱን ለማወቅ ላስቲኩን ማየት ነው፤ ወደ ውስጥ ትንሽ ጎበጥ ካለ ይስባል። እኛ ድንኳኑ ገና ባዶ ሳለ ከቡና የተረፈ ዕጣን ታችኛው ቀዳዳ አጠገብ አጨስን። ጭሱ ወደ ውስጥ ሸርተት ብሎ ገባ። አክስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ላይ በኩል የምትከፈት አንዲት የላስቲክ ክዳን አለች። መስኮቱን ገርበብ አድርጎ እሷን መክፈት ነው፤ ታች የገባው አየር በራሱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ ቱቦው ብቻውን ስለማይበቃ ልጆቹ ሌላኛው ክፍል ይቆያሉ።

የሚቀጥለው ምርት ባርኔጣው እንደ መዳፍ ሰፊ ሆኖ ወጣ። የአክስቴ ደንበኛ ተመለሰ። ከዚህ በላይ ግን ያስደሰተኝ ግድግዳው መድረቁ ነው።

የሰው ሳንባ

ነገሩ ስለ ምርት ማማር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ኦይስተር እንጉዳይ ሲበስል በዓይን የማይታይ ዱቄት ያፈሳል፤ የሚራባበት ብናኝ ነው። ይህን ብናኝ በታፈነ ቤት ውስጥ ሲምጉ የኖሩ ሠራተኞች ሳንባቸው በአለርጂ እንደሚቆጣ በሕክምናው ዓለም ከታወቀ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ብናኙን ከማጉ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሳል፣ ትኩሳት፣ ደረት መጥበብ ይመጣል። ጉንፋን ስለሚመስል ማንም ከእንጉዳዩ ጋር አያያይዘውም። በሌላው ዓለም ብናኝ የማያፈሱ ዝርያዎች እስከ ማውጣት የተደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ያስቸግራል እንዴ? አያስቸግርም። የባርኔጣው ጠርዝ ተዘርግቶ ወደ ላይ ሳይገለበጥ መልቀም፣ ሲለቅሙ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ አየሩን ወደ ውጭ ማስወጣት፣ ከሁሉም በላይ በዚያ ክፍል አለመተኛት። ማን ነገራቸው ግን?

ሁለተኛው ከሰል ነው። በሐምሌ ብርድ እንጉዳዩ ዕድገቱ ሲዘገይበት "ትንሽ ላሙቀው" ብሎ የተቀጣጠለ ምድጃ ክፍሉ ውስጥ የሚያስገባ ሰው አይጠፋም። ከሰል በታፈነ ቤት ውስጥ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ተኝተው ያላሰቡትን ሞት የሞቱ ቤተሰቦችን ዜና በየጊዜው እንሰማለን። በላስቲክ በታሸገ ክፍል ውስጥ ከሰል ማስገባት መቃብር መቆፈር ነው። ሙቀት ከተፈለገ የፈላ ውሃ በጀሪካን ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ድንኳኑ ውስጥ ማሳደር ይቻላል። ጭዱን በበርሜል በእንፋሎት ማብሰሉም ቢሆን የግቢ ሥራ እንጂ የቤት ውስጥ ሥራ አይደለም።

ለምን ረሳነው?

እንደኔ እንደኔ አየርን የረሳነው ስለምንፈራው ነው። ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። "ወንድም፣ ዝጋው! ብርዱ ይመታናል" ይባላል። ምች ይመታናል፣ መጋኛ ይመታናል፣ ንፋስ ይመታናል። አብሮን ስለሚታፈነው ትንፋሽ ግን ማንም አይጨነቅም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች በየቤቱ እየዞሩ "መስኮት አውጡ፣ ማድቤት ለዩ" ሲሉ ስንት ዓመት ደከሙ! በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መስኮት በግድ ተከፈተ፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ መስኮቱም ተመልሶ ተዘጋ። እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ "ክፍሉ አየር የሚያገኝ ይሁን" የሚል አንድ መስመር ጽፎ መሄድ ምንም እንዳልተናገሩ ይቆጠራል።

የሙያችንም ድርሻ አለበት። ስለ ከተማ ግብርና የሚቀርቡ ዜናዎችን አስታውሱ። ኃላፊው ጎመን ጨብጠው ፎቶ ይነሣሉ፤ "ተጠቃሚዋ" ደስታዋን ትገልጻለች፤ ዜናው ያበቃል። እኛ ክፍል ውስጥ ስድስት ጥያቄ ተምረናል፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። በዚህ ዓይነት ዜና ላይ አምስቱ ሲመለሱ "እንዴት" የሚለው ሁልጊዜ ደጅ ይቀራል። የሰው ልጅ ትርፍና ኪሳራ፣ ጤናና ሕመም ያለው ግን እዚያው "እንዴት" ውስጥ ነው።

ለሚቃወሙኝ

"ይህን ሁሉ ለአንዲት ድሃ እናት መንገር ሥራውን ማክበድ ነው፤ ትጀምርና እየሠራች ትማር" የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ርኅራኄ ይመስላል። ግን "እየሠራች ትማር" ሲባል የትምህርቱን ክፍያ ማን ነው የሚከፍለው? የመጀመሪያው ከረጢት ሲበላሽ የተበደረችው ብር አብሮ ይበላሻል። አሠልጣኙ አበሉን ወስዶ ሄዷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተጀመረ ነገር በጥድፊያ ይፈርሳል። ደግሞስ የአየር ነገር ምኑ ከበደ? ታች ይግባ፣ ላይ ይውጣ፣ ደጅ ይጣል። ሦስት ቃል እኮ ነው!

ሌሎች ደግሞ "መኖሪያ ቤት መኖሪያ ነው፤ በኮንዶሚኒየም እንጉዳይ ምን ያደርጋል? ይከልከል" ይላሉ። በዚህ በኩል በከፊል እስማማለሁ። ወደ ደጅ የሚከፈት መስኮት የሌለው ቤት፣ ወይም አንድ ክፍል ብቻ ያለውና እዚያው የሚተኛበት ቤት፣ እንጉዳይ ሊገባበት አይገባም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ዘር እንስጥና ቁጥር እናሟላ በሚል መሸፈን ነውር ነው። ሁሉንም መከልከል ግን ምጣዱ አቃጠለ ብሎ እንጀራ መተው ነው። ሁለተኛ ክፍልና አንድ ደህና መስኮት ያላት ሴት ለምን ከእንጀራዋ ትታገዳለች?

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከሥልጠናው አንድ ሙሉ ቀን ለድንኳንና ለአየር ይሰጥ፤ በወሬ ሳይሆን በመዶሻና በሚስማር። ዘር ከመታደሉም በፊት አንድ ባለሙያ ወደ ሰልጣኟ ቤት ሄዶ መስኮቷን ይይ። መስኮት ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የተከራይ ነገር ይታሰብ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ሁለት ዓመት በእንጉዳይ ሥራ ረጅም ጊዜ ነው። ውሉ ላይ "ተከራይ የመስኮቱን መስታወት አውልቃ ቱቦ ማሳለፍ ትችላለች፤ ስትለቅ ትመልሳለች" የሚል አንድ አንቀጽ ቢገባ አከራይም ተከራይም በሰላም ያድራሉ። በኮንዶሚኒየም ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የግል የሆነውንና የጋራ የሆነውን ለይቷል። የውጭው ግድግዳ የጋራ ነገር ስለሆነ ቱቦው የላይኛው ጎረቤት መስኮት ሥር እንዳይተነፍስ ከኅብረት ቤቱ ማኅበር ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ጎረቤቷን ያሳለች አምራች ደንበኛ ሳይሆን ጠላት ነው የምታፈራው።

ሦስተኛ፣ በየክፍለ ከተማው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ሥራ ሲፈልጉ እናያለን። ሞራሌ መቁረጥ፣ ላስቲክ መወጠር፣ ከአሮጌ ኮምፒዩተር ቬንትሌተር አውጥቶ መግጠም ለእነሱ ጨዋታ ነው። ቆራሌው በየቀኑ "ቆራሌው! አሮጌ ኮምፒዩተር ያላችሁ!" እያለ የሚሰበስበው ዕቃ ለአንድ ቤተሰብ ሳንባ ይሆናል።

አራተኛው ለእኛ ነው፤ ለወደፊት ጋዜጠኞች። ሪባን በተቆረጠበት ቀን ሳይሆን ከሦስት ወር በኋላ እንሂድ። "ስንት ሰው ሠለጠነ?" ሳይሆን "ስንቱ ከረጢት ፈራ? ልጆቹ የት ነው የሚተኙት? አየሩ በየት ይወጣል?" ብለን እንጠይቅ። መስኮቱን በዓይናችን ሳናይ ዜናውን አንጻፍ።

ዘርን የሚሸጥ ነጋዴ አለ፣ ጭድን የሚያመጣ ባለጋሪ አለ፣ ምርቱን የሚገዛ ሆቴል አለ። አየርን ግን ማንም ስለማይሸጠው ማንም አያስታውሰውም። ነጻ የተሰጠንን ነገር በበራችን በኩል ለማስገባት የሚያስፈልገው አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ቬንትሌተርና አንድ ቀን ሥልጠና ነው። ይህን የማይሰጥ አሠልጣኝ ዘሩን ባይሰጥ ይሻላል።